ስም እየቀየረ የሚገባ ጠመንጃ

ቼኮዝሎቫኪያ በ1958 ሠራዊቷን ያስታጠቀችበትን ቪዜድ 58 የተባለ ጠመንጃ ከሩቅ ያየ ሰው ክላሽ ነው ቢል አይፈረድበትም። ካዝናው እንደ ክላሽ የተቆለመመ ነው፤ የሚጎርሰውም ያንኑ 7.62 በ39 ጥይት ነው። ተፈትቶ ሲታይ ግን የውስጡ አሠራር ይለያል። የክላሽ ዓይነት መዶሻ የለውም፤ የመቀርቀሪያው አቆላለፍም ሌላ ነው። ይህ ልዩነት ለተኳሹ እምብዛም አይሰማውም፣ ለተተኮሰበት ሰው ደግሞ ምንም አይፈይደውም። ለካናዳ ሕግ ግን የሰማይና የምድር ያህል ነበር። ክላሽንኮቭና ዝርያዎቹ በ1990ዎቹ በስም እየተጠሩ ሲታገዱ፣ ሲዜድ 858 የሚባለው የቪዜድ 58 የሲቪል ቅጂ “የክላሽ ዘር አይደለም” ተብሎ ከአጋዘን ማደኛ ጠመንጃዎች እኩል ገደብ በሌለበት መደብ ውስጥ ገባ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ አገር ከውጭ ለሚመጣ አዲስ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ በሯን ስትከፍት መጠየቅ ያለባት ጠመንጃው ምን እንደሚሠራ ነው። ካናዳ ለሠላሳ ዓመታት የጠየቀችው ስሙ ማን እንደሆነና የማን ዘመድ እንደሆነ ነበር። የዚህ ስሕተት ዕዳ በሁለት ወገን ላይ ወድቋል። አንዱ ወገን በእነዚህ ጠመንጃዎች ልጆቹንና ወገኖቹን ያጣው ነው። ሌላው መንግሥት በፈቀደለት መሠረት ገንዘቡን አውጥቶ ገዝቶ፣ ከዓመታት በኋላ አንድ ማለዳ ሕገ ወጥ ዕቃ በቤትህ አለ የተባለው ዜጋ ነው። ሁለቱ ወገኖች በአደባባይ ሲሟገቱ ይሰማል፤ በሁለቱም ላይ የፈረደው የፈቃድ ሰጪው ጠረጴዛ ግን ብዙ ጊዜ ከክርክሩ ውጭ ሆኖ ይታለፋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የካናዳ ሕግ ጠመንጃን በሦስት ይከፍላል፤ ገደብ የሌለበት፣ ገደብ ያለበትና የተከለከለ። አስመጪው ናሙናውን ለንጉሣዊው ፈረሰኛ ፖሊስ ባለሙያዎች ያቀርባል። ባለሙያዎቹ ይፈቱታል፣ ይለኩታል፤ የአንድ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ አፈሙዝ ከ470 ሚሊሜትር ካጠረ ገደብ ያለበት መደብ ውስጥ ይወድቃል። ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ ይተኩስ እንደሆነ፣ ወይም በትንሽ ሥራ በሩምታ ወደሚተኩስነት ሊለወጥ ይችል እንደሆነም ይመረምራሉ። ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1993 ውሳኔ አጥብቆታል። ሃሰልዋንደር በሚባለው በዚያ የሚኒ ኡዚ ክርክር፣ በአጭር ጊዜና በቀላሉ ወደ አውቶማቲክ የሚለወጥ መሣሪያ እንደ አውቶማቲክ ይቆጠራል ተባለ። ምርመራው ሲያበቃ ጠመንጃው የመለያ ቁጥር ተሰጥቶት በማመሳከሪያ ሰንጠረዥ ላይ ይሰፍራል። አስመጪው የሚያየው፣ ጠመንጃ ሻጩ የሚያየው፣ የጉምሩክ ሠራተኛውም የሚያየው ይህንኑ ሰንጠረዥ ነው። ሆኖም ሰንጠረዡ ሕግ አይደለም። የፖሊስ ባለሙያዎች አስተያየት ነው፤ አስተያየት ደግሞ ይለወጣል።

እንደሚለወጥ ከማንም በላይ ያወቁት ስዊስ አርምስ ክላሲክ ግሪን የተባለውን የስዊዘርላንድ ጠመንጃ የገዙ ሰዎች ናቸው። ከ3,000 ዶላር በላይ የሚያወጣ፣ አሠራሩ የተዋጣለት፣ የዒላማ ተኳሾች የሚመኙት መሣሪያ ነበር። ወደ ካናዳ የገባው ኤስጂ 540 የተባለው የቀድሞ ሞዴል ልጅ ነው ተብሎ ነው። 540 በተከለከሉት ስም ዝርዝር ውስጥ አልነበረምና ጠመንጃው ገደብ በሌለበት መደብ ገባ፤ ከአሥር ዓመት በላይም በነፃነት ተሸጠ። ከዚያ ፖሊስ የዘር ሐረጉን እንደገና ሲቆጥር አባቱ 540 ሳይሆን የስዊዘርላንድ ሠራዊት መደበኛ ጠመንጃ የሆነው ኤስጂ 550 ሆኖ አገኘው። 550 ደግሞ በስሙ የታገደ ነው። በፌብሯሪ 2014 ሰንጠረዡ ተለወጠ። ሲዜድ 858ም በቀላሉ ወደ ሩምታ ተኳሽነት ይመለሳል በሚል አብሮት ወደቀ። በሺዎች የሚቆጠሩ ፈቃድ ያላቸው ዜጎች ከቤታቸው ሳይወጡ፣ አንድ ነገር ሳይፈጽሙ ወንጀለኛ ሊባሉ ሆነ።

ጩኸቱ ከባድ ነበር። በወቅቱ ሥልጣን ላይ የነበረው የወግ አጥባቂዎቹ መንግሥት በመጀመሪያ ምሕረት አወጀ። ቀጥሎ በ2015 ባጸደቀው ሲ-42 በተባለው ሕግ ካቢኔው የፖሊስን ምደባ የመሻር ሥልጣን አገኘና ጠመንጃዎቹ ተመልሰው ሕጋዊ ሆኑ። በ2019 ሊበራሎቹ በሲ-71 ያን ሥልጣን አነሱት። በ2020 ደግሞ ሁለቱም ጠመንጃዎች በካቢኔ ትእዛዝ በስም ታገዱ። ተፈቀደ፣ ተከለከለ፣ ተፈቀደ፣ ተከለከለ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጠመንጃው ላይ አንድ ብሎን አልተቀየረም።

የጠመንጃ ባለቤቶች ማኅበራት ይህን ታሪክ እያነሡ “ክልከላው ፖለቲካ ነው” ይላሉ። ግማሽ እውነት አላቸው፤ ክልከላው ፖለቲካ ከሆነ ግን ፈቃዱም ፖለቲካ ነበር። የ540 ልጅ ነው ብሎ ያስገባውን ጠመንጃ በትርፍ የሸጠው ነጋዴ ከገዢውም ከሟች ቤተሰብም በፊት ሊጠየቅ ሲገባው፣ በአሥር ዓመቱ ውዝግብ ውስጥ ስሙ እንኳ ብዙም አልተነሣም።

ጃንዋሪ 29 ቀን 2017 ምሽት ላይ በኩቤክ ከተማ እስላማዊ የባህል ማዕከል ሶላት ሰግደው ሊበተኑ በነበሩ ሰዎች ላይ ተኩስ ተከፈተ። ገዳዩ ፈቃድ የነበረው ወጣት ነው። ይዞት የመጣው ጠመንጃ ያው የቼክ ቪዜድ 58 ዓይነት ሲሆን ካዝናዎቹም ከሕጋዊው ልክ በላይ የሚይዙ ነበሩ። ጠመንጃው ገና ከጅምሩ ነከሰበት፤ ወርውሮት ሽጉጥ መዘዘ። በሽጉጡ ስድስት ሰዎች ገደለ። ጠመንጃው ባይነክስ ኖሮ የሟቾቹ ቁጥር ስንት ይሆን እንደነበር መገመት የሚፈልግ ካለ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ሁለት መስጊዶች የሆነውን ይመልከት። በዚያ 51 ሰዎች ሞቱ።

ስለ ካዝና አንድ ነገር እዚህ ላይ መናገር ያስፈልጋል። የካናዳ ሕግ ከፊል አውቶማቲክ የሆነ ትልቅ ጥይት ተኳሽ ጠመንጃ ከአምስት ጥይት በላይ እንዳይይዝ ይከለክላል። አስመጪዎች ይህን የሚያሟሉት ሠላሳ ጥይት የሚይዘውን ካዝና በብሎን ወይም በሚስማር በመዝጋት ነው። መሰርሰሪያ ያለው ሰው በደቂቃዎች ይከፍተዋል። መክፈቱ ወንጀል ነው፤ መስጊድ ገብቶ ሊገድል የተነሣ ሰው ግን ይህን ወንጀል አይፈራም። ስለዚህ አምስት ጥይት ይይዛል ተብሎ የተፈቀደው ጠመንጃ በሥራው ሠላሳ ጥይት የሚይዝ ሆኖ ነው ከወደብ የሚወጣው።

ከሁሉም የሚያስገርመው ግን ሩገር ሚኒ 14 ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ፣ ሰደፉ ከእንጨት የተሠራ፣ መልኩ የአርሶ አደር ጠመንጃ የሚመስል መሣሪያ ነው። ዲሴምበር 6 ቀን 1989 አንድ ሰው በሞንትሪያል ኢኮል ፖሊቴክኒክ ገብቶ፣ ሴቶቹን ከወንዶቹ ለይቶ 14 ሴቶችን የገደለው በሕጋዊ መንገድ በገዛው ሚኒ 14 ነበር። ካናዳ በዚያ ቀን ደነገጠች፤ በየዓመቱም ቀኑን ታስባለች። በ1991ና በ1995 የወጡት ጥብቅ ሕጎች፣ የሥልጠናው ግዴታ፣ የካዝናው ገደብ፣ የረጃጅም ጠመንጃዎች መዝገብ (በ2012 የተሰረዘው) ከዚያ ሐዘን የተወለዱ ናቸው። ሚኒ 14 ራሱ ግን ገደብ በሌለበት መደብ ሆኖ እስከ ሜይ 1 ቀን 2020 ተሸጧል። ሠላሳ ዓመት! ምክንያቱም መልኩ የጦር መሣሪያ አይመስልም፤ ስሙም በዝርዝሩ የለም። በፖሊቴክኒኩ ጥቃት በአራት ጥይት ተመትተው የተረፉት ናታሊ ፕሮቮስት ለዚህ ለውጥ ፖሊ ሰ ሱቪያን ከተባለው የጠመንጃ ቁጥጥር ተሟጋች ማኅበር ጋር ለዓመታት ሲሟገቱ ቆይተው በ2025 የፓርላማ አባል ሆነዋል።

በ2006 ደግሞ እዚያው ሞንትሪያል በዶውሰን ኮሌጅ አንዲት የ18 ዓመት ተማሪ ተገድላ ብዙዎች ቆሰሉ። መሣሪያው ቤሬታ ሲኤክስ 4 ስቶርም፣ የጣሊያን ሥሪት፣ በገዳዩ ስም በሕግ የተመዘገበ። እሱም ከዚያ በኋላ ለ14 ዓመታት ገበያ ላይ ቆየ።

“ወንጀለኛ ሕግ አያከብርም፤ መሣሪያው የሚመጣው በኮንትሮባንድ ነው” የሚለው ክርክር ባዶ አይደለም። ቶሮንቶ ውስጥ ከወንጀል ቦታ የሚሰበሰቡ ሽጉጦች አብዛኞቹ ከአሜሪካ ድንበር የተሻገሩ ናቸው። በኤፕሪል 2020 በኖቫ ስኮሺያ የፖሊስ ልብስ ለብሶ፣ የፖሊስ መኪና አስመስሎ 22 ሰዎችን የፈጀው ሰው ፈቃድ አልነበረውም፤ መሣሪያዎቹም በአብዛኛው ከሜይን ግዛት በድብቅ የገቡ ነበሩ። ከእነዚያ መካከል የተገኘው ሚኒ 14 ግን ምንጩ ካናዳ ሆኖ ነው የተገኘው። ፖሊቴክኒክ፣ ዶውሰንና ኩቤክ መስጊድ ላይ ደግሞ ኮንትሮባንድ የሚባል ነገር የለም፤ ሦስቱም በፈቃድ የተያዙ መሣሪያዎች ናቸው። የሽጉጥ ኮንትሮባንድ በድንበር ጥበቃ ይፈታ፤ ጠመንጃው ግን በዋናው በር፣ በመለያ ቁጥር፣ ቀረጥ ተከፍሎበት ነው የገባው።

ከኖቫ ስኮሺያው እልቂት ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጀስቲን ትሩዶ 1,500 ያህል ሞዴሎችን አገዱ። ዘጠኝ የጠመንጃ ቤተሰቦች ተዘረዘሩ፤ የኤአር 15 ወገን፣ ሚኒ 14፣ ኤም 14፣ ቪዜድ 58ና ሲዜድ 858፣ ሲዜድ ስኮርፒዮን፣ ሲኤክስ 4፣ ኤክስሲአር፣ የሲግ ሳወር ኤምሲኤክስና ኤምፒኤክስ፣ ስዊስ አርምስ። ዝርዝሩ ረጅም ቢሆንም የተሠራው ግን በዚያው በአሮጌው ዘዴ ነው፤ ስም በስም። ስም በስም የሚታገድ ነገር ስሙን ቀይሮ ይመለሳል። በ2010ዎቹ መጨረሻ ገበያውን የተቀላቀለው የቻይናው ታይፕ 81 ይህን ትምህርት ከቪዜድ 58 ተምሮ ነበር፤ ከሩቅ ክላሽ፣ ውስጡ ሌላ፣ መደቡ ገደብ የሌለበት። መንግሥት በዲሴምበር 2024 ተጨማሪ 324፣ በማርች 2025 ደግሞ 179 ሞዴሎችን ዘረዘረ። ድምሩ ከ2,500 አለፈ። አይጥ አንዱ ጉድጓድ ሲደፈንበት በሌላው ብቅ እንደሚል ዓይነት ነው ነገሩ።

ይህ የካናዳ ብቻ ችግር አይደለም። ጎረቤቷ አሜሪካ ከ1968 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ጠመንጃ ለስፖርት የሚመች መሆን አለበት የሚል ሕግ አላት። በጃንዋሪ 1989 ስቶክተን፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አምስት ሕፃናት በቻይና ሠራሽ የክላሽ ዓይነት ጠመንጃ ሲገደሉ፣ የጆርጅ ቡሽ አስተዳደር 43 ዓይነት ጠመንጃዎች እንዳይገቡ ከለከለ። አምራቾቹ የሳንጃ ማሰሪያውን ቆረጡ፣ የእጀታውን ቅርጽ ለውጠው ሰደፉ ላይ የአውራ ጣት ቀዳዳ በሱ፤ ያው ጠመንጃ “ስፖርታዊ” ሆኖ ገባ። በ1998 ክሊንተን ሌሎች 58 ዓይነቶችን አገዱ። ይህም ቢሆን ቀዳዳ ነበረው፤ በሕጉ ከተዘረዘሩት 20 ክፍሎች ውስጥ ከአሥር ያልበለጡት ብቻ የውጭ ሥሪት ከሆኑ አገር ውስጥ መገጣጠም ይቻላል። የሩማንያው ኩጊር ፋብሪካ ጠመንጃ በቨርሞንት የአሜሪካ ቃታና ሰደፍ ተገጥሞለት የሚሸጠው በዚህ ሒሳብ ነው። የሳንጃ ማሰሪያ ሲቆረጥ የዳነ ሕፃን ካለ እስካሁን አልተሰማም።

መፍትሔው ተጽፎ ተቀምጧል። የኖቫ ስኮሺያውን እልቂት የመረመረው ኮሚሽን በማርች 2023 ባወጣው ሪፖርት፣ ከአምስት ጥይት በላይ የሚይዝ ተነቃይ ካዝና እንዲቀበል የተሠራ ማንኛውም ከፊል አውቶማቲክ ትልቅ ጥይት ተኳሽ ጠመንጃ ይከልከል ብሏል። ስም የለበትም፣ ዘር ማንዘር አይቆጥርም፣ ሰደፉ እንጨት ይሁን ፕላስቲክ አይጠይቅም። ቪዜድ 58 ከክላሽ ጋር፣ ሚኒ 14 ከኤአር 15 ጋር እኩል ይዳኛል። በዚያው ዓመት መጨረሻ የጸደቀው ሲ-21 የተባለው ሕግ ይህንኑ ትርጉም ከሞላ ጎደል ተቀበለ፤ ተቀብሎ ግን የልደት ቀን ጨመረበት። ትርጉሙ የሚሠራው ሕጉ ከጸና ከዲሴምበር 15 ቀን 2023 በኋላ ተነድፈው በተሠሩ ጠመንጃዎች ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱት ደግሞ ለዝርዝር ቀሩ። ሁለት እኩል የሚተኩሱ ጠመንጃዎች፣ አንዱ በመርሕ አንዱ በስም ይዳኛሉ።

ይህ የሆነው በምክንያት ነው። በኖቬምበር 2022 መንግሥት ትርጉሙን በነባሮቹም ላይ ሊያውል ማሻሻያ አቅርቦ ነበር። ተቃውሞው የመጣው ከከተማ ተኳሾች ብቻ አልነበረም። የቀደምት ሕዝቦች ጉባኤ አስቸኳይ ውሳኔ አሳለፈ፤ የሞንትሪያሉ ዝነኛ የበረዶ ሆኪ ግብ ጠባቂ ኬሪ ፕራይስ ጠመንጃውን ይዞ የተነሣውን ፎቶ በኢንስታግራም አውጥቶ ተቃወመ። የቁጣው እምብርት ኤስኬኤስ ነበር፤ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሲሞኖቭ ቢባል ይቀላል። ሶቪየት ኅብረት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ የሠራችው፣ በየአህጉሩ ሚሊሻ ትከሻ ላይ ያረጀው ይህ ጠመንጃ ከሶቪየትና ከቻይና መጋዘኖች ወጥቶ ካናዳ ሲደርስ በጣም ርካሽ ነበር። በሰሜኑ በረዶ ሙስ የተባለውን ግዙፍ አጋዘን አድኖ ቤተሰቡን የሚመግብ ሰው የሚይዘው እሱን ነው። በኦክቶበር 2022 በኢኒስፊል ኦንታሪዮ ሁለት ፖሊሶችን የገደለውም እሱው ነው። ማሻሻያው በፌብሯሪ 2023 ተነሣ፤ ሲሞኖቭም ከዝርዝሩ ውጭ እንደሆነ ቀረ።

የቀደምት ሕዝቦች ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ የታወቀ የአደን መብት አላቸው፤ የምግብ ዋጋ በሰሜን የማይቀመስ ነው። ነገር ግን ይህ ክርክር ለአዲስ አስመጪ ጋሻ ሊሆን አይገባም። በአንድ አዳኝ ጓዳ ያለውን አሮጌ ሲሞኖቭ መተው አንድ ነገር ነው፤ ሌላ ኮንቴይነር እንዲገባ መፍቀድ ሌላ ነገር ነው። መንግሥት ሁለቱን ደባልቆ ሁለቱንም ሳይወስን ቀረ።

ፈጥኖ መወሰን የሚቻል መሆኑን ኒውዚላንድ አሳይታለች። የክራይስትቸርቹ ገዳይ በመደበኛው ፈቃድ ጠመንጃ ገዝቶ፣ ያለ ፈቃድ የሚሸጥ ትልቅ ካዝና ነበር የገጠመለት። በ26 ቀን ውስጥ ፓርላማው 119 ለ1 በሆነ ድምፅ የዚህን ዓይነት መሣሪያ ከገበያ አወጣ፤ በዓመቱ መጨረሻ ከ56,000 በላይ ጠመንጃዎች ካሳ ተከፍሎባቸው ተሰበሰቡ። በካናዳ በ2020 ለታገዱት ጠመንጃዎች ባለቤቶች የተሰጠው ምሕረት ግን በ2022 ሊያበቃ ታስቦ እየተራዘመ እየተራዘመ እስከ ኦክቶበር 30 ቀን 2026 ተገፍቷል። የአልበርታና የሳስካችዋን ክፍለ ግዛቶች መንግሥት የታገዱትን ጠመንጃዎች ካሳ ከፍሎ በሚሰበስብበት መልሶ ግዢ አንተባበርም ብለዋል። በ2025 በኖቫ ስኮሺያ ኬፕ ብሬተን በተደረገው የመልሶ ግዢ ሙከራ 200 ያህል ጠመንጃ ይጠበቅ ነበር፤ የመጣው 25 ነው። ገዢው በመንግሥት ቃል ሁለት ጊዜ ተታልሎ ለሦስተኛ ጊዜ አምኖ ይመጣል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

ስለዚህ የልደት ቀኑ ከሕጉ ይውጣ። ትርጉሙ በዕድሜ ሳይሆን በአሠራር ለሁሉም ይሁን፤ ለቀደምት ሕዝቦች የሚደረገው ልዩ ሁኔታ ከራሳቸው ጋር ተመክሮበት በግልጽ ይጻፍ። ገደብ በሌለበት መደብ አዲስ ከፊል አውቶማቲክ ለማስገባት የሚያመለክት ነጋዴ ደግሞ ጠመንጃው ኋላ ቢታገድ ለካሳው የሚሆን መያዣ ገንዘብ ያስይዝ። ዛሬ ትርፉ የነጋዴው፣ ካሳው የግብር ከፋዩ ነው። መያዣ ያስያዘ አስመጪ የጠመንጃውን አባት 540 ነው ከማለቱ በፊት ስዊዘርላንድ ደውሎ ይጠይቃል። የምደባው ምክንያትም ጠመንጃው መርከብ ላይ ሳይጫን በፊት ለሕዝብ ይውጣ፤ ፖሊቴክኒክ ላይ ልጆቻቸውን ያጡ ወላጆችም ሆኑ የጠመንጃ ማኅበራቱ መቃወም ከፈለጉ ያኔ ይቃወሙ። ይህ አሠራር ቢኖር ኖሮ ሲዜድ 858 ከቼክ ሳይነሣ ክርክሩ ያልቅ ነበር።